የአንዲት «አዎ» ታሪክ፦ ላይብረሪ ሲገነባ የክስተት መጠበቂያ ስልት እንዴት ይመረጣል?

(በፋኩልቲው ከቀረበ የሕዝብ ንግግር የተገለበጠ)



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ጉዳይ በኮምፒውተር ታሪክ ውስጥ እምብዛም ቦታ የማይሰጠው ነው። ስለ ማሽኖች፣ ስለ ፕሮግራም ቋንቋዎችና ስለ ታላላቅ ኩባንያዎች ብዙ ተጽፏል። እኔ የምናገረው ግን ስለ አንዲት መስመር ነው። አንድን የኔትወርክ ላይብረሪ ከምንጭ ኮዱ ስንገነባ በስክሪኑ ላይ በርካታ መስመሮች ይወርዳሉ። ከእነዚህ አንዷ ኢፖል የተባለው የሊኑክስ አገልግሎት በማሽኑ ላይ መኖር አለመኖሩን ጠይቃ ከፊቷ «አዎ» ወይም «የለም» ትጽፋለች። ብዙ ጊዜ ሳትነበብ ታልፋለች። ሆኖም ላይብረሪው ነገ ስንት ደንበኞችን እንደሚያስተናግድ፣ ምን ዓይነት ፋይል እንደሚቀበል፣ ጭነት ሲበዛበት መቆም ወይም መውደቁን በከፊል የምትወስነው እርሷ ናት።

ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ያቺ «አዎ» አንድ ማሽን ስለ ሌላ ማሽን የሚሰጠው ምስክርነት ናት። ላይብረሪው የሚገነባበት ማሽን ይጠየቃል፤ መልሱ ግን የሚያገለግለው ላይብረሪው ለሚሠራበት ማሽን ነው። ሁለቱ አንድ በነበሩበት ዘመን ይህ ልዩነት አይታይም ነበር። እየተራራቁ ሲሄዱ ጥያቄው ራሱ ተለወጠ። በመጀመሪያ «አለ ወይ?» ተብሎ ተጠየቀ፤ ቀጥሎ «ይሠራል ወይ?»፤ በእኛ ዘመን ደግሞ «ይፈቀዳል ወይ?» ተባለ። ንግግሬ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ተከትሎ ይሄዳል። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የመጠበቅ ችግር

አንድ ሰርቨር አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው በመጠበቅ ነው። አንዱ ደንበኛ ጥያቄውን እስኪልክ፣ ሌላው መልሱን እስኪቀበል፣ ሦስተኛው እስኪያቋርጥ ይጠብቃል። በቀድሞው የዩኒክስ ዘይቤ አንድ ፕሮግራም ከአንድ ግንኙነት ለማንበብ ሲሞክር መረጃ ገና ካልደረሰ እዚያው ይቆማል፤ በዚህ መሀል ሌላ ግንኙነት ቢጣራ የሚሰማው የለም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሥርዓተ ክወናውን «ከእነዚህ ሁሉ አንዱ ሲዘጋጅ ቀስቅሰኝ» ብሎ የሚጠይቅበት መንገድ አስፈለገው።

በ1983 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የወጣው 4.2ቢኤስዲ ይህን መንገድ ሰሌክት በተባለ የሲስተም ጥሪ አቀረበ። አሠራሩን ብዙ በር ባለው ግቢ በተቀጠረ ዘበኛ መመሰል ይቻላል። ጌታው በየጊዜው የበሮቹን ዝርዝር ይሰጠዋል፤ ዘበኛው እያንዳንዱን በር ዞሮ ያያል፤ የተንኳኩትን ምልክት አድርጎ ዝርዝሩን ይመልሳል፤ ከዚያም ሁሉንም ይረሳል። በሚቀጥለው ጊዜ ዝርዝሩ እንደ አዲስ ይሰጠዋል። በሩ አሥር ሲሆን ይህ አያስቸግርም። አሥር ሺህ ሲሆን ግን ዘበኛው ቀኑን ሙሉ በመዞር ይጨርሰዋል።

ሰሌክት ሌላም ጠባይ ነበረው፤ ለርእሳችን መነሻ የሚሆነውም እርሱ ነው። ዝርዝሩ የሚጻፍበት ሠንጠረዥ ስፋት ኮዱ ኮምፓይል ሲደረግ የሚታተም ቋሚ ቁጥር ነው። በሊኑክስ ላይ ይህ ቁጥር በተለምዶ 1024 ነው። አንድ ፕሮግራም መለያ ቁጥሩ 1024 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፋይል ከፍቶ በሠንጠረዡ ላይ ሊመዘግበው ቢሞክር ጽሑፉ ከሠንጠረዡ ውጭ ባለ ማህደረ ትውስታ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ብዙ ጊዜ የስሕተት መልእክት አይመጣም፤ የሌላ መረጃ ቦታ ይበከላል እንጂ። በዊንዶውስ ደግሞ ያው ስም የተለየ ነገር ይዟል፦ ሠንጠረዡ የመለያ ቁጥሮች ዝርዝር ሲሆን ነባሪ ልኩ 64 ነው፤ የላይብረሪው ደራሲ የሲስተሙን ሄደር ፋይል ከማስገባቱ በፊት ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ከደነገገ ግን ይሰፋል። እንግዲህ ላይብረሪ ሲገነባ በመጠበቂያ ስልት ላይ ከተደረጉት ቀደምት ውሳኔዎች አንዱ ይህ ተራ ቁጥር ነበር።

በ1986 የኤቲ ኤንድ ቲ ዩኒክስ ሲስተም ፋይቭ ሦስተኛ ልቀት ፖል የተባለውን ጥሪ አመጣ። ፖል የቁጥር ጣሪያውን አነሳ፤ ዝርዝሩ ፕሮግራሙ በፈለገው ልክ የሚረዝም ሆነ። ዘበኛው ግን አሁንም በሮቹን አንድ በአንድ መዞሩን አልተወም። ከዚህ በኋላ ለሁለቱም የዩኒክስ ቤተሰቦች የሚጽፍ ሰው ከሰሌክትና ከፖል መምረጥ ግድ ሆነበት።

«አለ ወይ?»

ምርጫው መጀመሪያ የሚደረገው በእጅ ነበር። የምንጭ ኮዱን የተቀበለ ሰው የግንባታውን ፋይል ከፍቶ ለራሱ ማሽን የሚስማማውን መስመር ያስተካክላል። ወይም ደራሲው በኮዱ ውስጥ «ማሽኑ እንዲህ የሚባል ከሆነ ይህን ተጠቀም» የሚል ቅድመ ሁኔታ ይጽፋል። ሁለቱም መንገዶች አንድ ድካም ነበረባቸው፦ የሚጠይቁት የማሽኑን ስም ነው። ስም ግን ስለ ችሎታ የሚናገረው ጥቂት ነው። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ስሪቶች የተለያየ አገልግሎት ሊሰጡ ይችላሉ፤ ነገ የሚመጣው አዲስ ሥርዓት ደግሞ ስሙ በኮዱ ውስጥ ጨርሶ አይገኝም።

በ1991 ዴቪድ ማኬንዚ የግኑ ፕሮጀክት መሣሪያዎችን በልዩ ልዩ ማሽኖች ላይ የማስኬድ ሥራ ስለበዛበት አውቶኮንፍ የተባለውን መሣሪያ ጀመረ። በአውቶኮንፍ የሚዘጋጀው የማጣሪያ ስክሪፕት ማሽኑን «ማን ነህ?» ከማለት ይልቅ «ይህን ማድረግ ትችላለህ?» ይለዋል። ጥቂት መስመር ያላት ፕሮግራም ይጽፋል፤ በውስጧ ፖልን ይጠራል፤ ኮምፓይል አድርጎ ከሲስተሙ ላይብረሪዎች ጋር ያገናኛታል። ከተገናኘች «አዎ»፣ ካልተገናኘች «የለም» ተብሎ ይመዘገባል። ያቺ መስመር የተወለደችው እዚህ ነው።

የዚህ ለውጥ ዋጋ ከፍተኛ ነው ብዬ አምናለሁ። ስሙን ማንም ያልሰማው ሥርዓት እንኳ ፖል ካለው ፈተናውን ያልፋል። ይሁን እንጂ ስክሪፕቱ ያረጋገጠው የስሙን መኖር ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። በሩ መኖሩን አየ፤ ከፍቶ አልገባም። በ1990ዎቹ ግንባታውና አገልግሎቱ በአብዛኛው በአንድ ማሽን ላይ ስለነበሩ፣ ሰሌክትና ፖልም የታወቁ ስለነበሩ፣ ይህ ጉድለት ብዙም አላስቸገረም። ያስቸገረው አዳዲስ ስልቶች በተከታታይ ሲመጡ ነው።

የአሥር ሺህ ግንኙነቶች ዘመን

በ1999 ዳን ኬገል አንድ ሰርቨር አሥር ሺህ ደንበኞችን በአንድ ጊዜ እንዴት ያስተናግድ የሚለውን ችግር በሰፊው አስተዋወቀ። በዚያው ዓመት ጋውራቭ ባንጋ፣ ጄፍሪ ሞጉልና ፒተር ድሩሸል በዩዝኒክስ ጉባኤ ባቀረቡት ጥናት የሰሌክትንና የፖልን መሠረታዊ ድካም ለይተው አሳዩ፦ ከርነሉ የፕሮግራሙን ፍላጎት በየጥሪው እየረሳ እንደገና ይሰማል። መፍትሔው ፍላጎቱን አንድ ጊዜ አስመዝግቦ ከዚያ በኋላ የተዘጋጁትን ብቻ መቀበል ነው። ወደ ምሳሌያችን ስንመለስ፣ ዘበኛው ዝርዝሩን ራሱ ይይዛል፤ በየበሩም ደወል ይሰቀላል።

በሐሳቡ የተስማሙት ብዙዎች ቢሆኑም በአፈጻጸሙ ግን እያንዳንዱ የራሱን መንገድ ያዘ። ሶላሪስ ዴቭ ፖል የተባለ ልዩ ፋይል አቀረበ፤ በኋላም በ2005 በወጣው አሥረኛው ስሪት ኢቨንት ፖርትስን ጨመረ። ጆናታን ሌመን ለፍሪቢኤስዲ የሠራው ኬኪው በ2000 ከ4.1 ስሪት ጋር ወጣ። ዳቪዴ ሊቤንዚ ለሊኑክስ ያዘጋጀው ኢፖል በ2002 ወደ 2.5.44 የልማት ከርነል ገባ፤ ለብዙኃኑ የደረሰው ግን በ2003 መጨረሻ ከወጣው 2.6 ጋር ነው። ዊንዶውስ ኤንቲ ደግሞ ቀደም ብሎ በ1994 በ3.5 ስሪቱ ፈጽሞ የተለየ ስልት ይዞ ነበር። የማጠናቀቂያ ፖርት የሚባለው ይህ ስልት «ግንኙነቱ ለማንበብ ዝግጁ ነው» ብሎ አያስታውቅም፤ ያዘዝኸው ንባብ ተፈጽሟል ይላል። ከእነዚህ አዳዲስ ስልቶች አንዱም ወደ ፖዚክስ መስፈርት አልገባም። በመስፈርቱ ውስጥ የሰፈሩት ሰሌክትና ፖል ናቸው።

መስፈርት ያልሸፈነውን ቦታ ላይብረሪዎች ያዙት። ኒልስ ፕሮቮስ በ2000 አካባቢ ሊብኢቨንትን ጀመረ። ማርክ ሌማን በ2007 ሊብኢቪን አወጣ። ራያን ዳል በ2009 ያስተዋወቀው ኖድ በመጀመሪያ በሊብኢቪ ላይ የቆመ ነበር፤ ወደ ዊንዶውስ ለመሻገር የተደረገው ጥረት ግን በ2011 ሊብዩቪን ወለደ። የእነዚህ ላይብረሪዎች ውል አንድ ነው፦ ለፕሮግራሙ አንድ ፊት ያሳያሉ፤ ከጀርባ ያለውን ስልት፣ ባለሙያዎች ባክኤንድ የሚሉትን፣ እንደየማሽኑ ይለዋውጣሉ።

የሊብኢቨንትን ኮድ የከፈተ ሰው የባክኤንዶቹን ዝርዝር በምርጫ ቅደም ተከተል ተጽፎ ያገኘዋል፦ ኢቨንት ፖርትስ፣ ኬኪው፣ ኢፖል፣ ዴቭ ፖል፣ ፖል፣ ሰሌክት፣ በመጨረሻም የዊንዶውሱ። እያንዳንዱ ስም «በግንባታው ጊዜ ከተገኘ» በሚል ቅድመ ሁኔታ ታጥሯል። እኔ ይህን ዝርዝር እንደ ታሪክ ሰነድ አነበዋለሁ። ከላይ ወደ ታች ሲነበብ የቅርቡ ዘመን ከሩቁ ይቀድማል፤ ሩቁ ግን አልተሰረዘም፤ መጠባበቂያ ሆኖ ከታች ተቀምጧል።

«ይሠራል ወይ?»

አዳዲሶቹ ስልቶች ሲመጡ መኖርና መሥራት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ተገለጠ። ሦስት ማስረጃዎችን ላቅርብ።

የመጀመሪያው የኢፖል ነው። ከርነሉ ኢፖልን ይዞ ሳለ የሲስተሙ ሲ ላይብረሪ ገና ስሙን የማያውቅበት ጊዜ ነበር፤ ጂሊብሲ ኢፖልን የተቀበለው በ2.3.2 ስሪቱ ነው። በዚህ ክፍተት የስም ፈተናው «የለም» ይላል፤ አገልግሎቱ ግን አለ። ስለዚህ ሊብኢቨንት በሲ ላይብረሪው በኩል ሳያልፍ ከርነሉን በጥሪ ቁጥሩ የሚያናግር ትንሽ ተጨማሪ ፋይል ይዞ ይጓዝ ነበር፤ የማጣሪያ ስክሪፕቱም ይህን መንገድ ሞክሮ ያጣራ ነበር። የተገላቢጦሹም ደርሷል። በ2008 ሊኑክስ 2.6.27 የኢፖልን መክፈቻ ጥሪ አሻሽሎ ሲያወጣ፣ በአዲስ ማሽን የተገነባ ላይብረሪ አሮጌ ከርነል ላይ ሲደርስ ከርነሉ የማያውቀውን ጥሪ ይጠራል። ሊብኢቨንት ለዚህ ያበጀው መላ በሥራ ላይ እያለ መጀመሪያ አዲሱን መሞከርና ካልተሳካ ወደ አሮጌው መመለስ ነው።

ሁለተኛው የኬኪው ነው። አንዳንድ ስሪቶች ኬኪውን ቢይዙም በትክክል አያስታውቁም ነበር። ስለዚህ የሊብኢቨንት ስክሪፕት ለኬኪው የሚያዘጋጃት ፕሮግራም ከመገናኘት አልፋ ትሠራለች፦ ቧንቧ ትከፍታለች፤ እስኪሞላ ትጽፍበታለች፤ በሌላው ጫፍ አንብባ ቦታ ታስለቅቃለች፤ ከዚያ ኬኪው «አሁን መጻፍ ይቻላል» ማለቱን ታያለች። ይህም አልበቃም። ላይብረሪው ሥራ ሲጀምር ኬኪውን በዐዋቂነት የተሳሳተ የፋይል ቁጥር ይሰጠዋል፤ ስሕተቱን ካልነገረው የተበላሸ መሆኑን ዐውቆ ይተወዋል። ሊብኢቪ በበኩሉ በግንባታ ጊዜ የተካተቱትንና እንዲሠራባቸው የሚመከሩትን ባክኤንዶች በሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ለየ፤ ኬኪው በብዙ ሥርዓቶች ላይ በመጀመሪያው ዝርዝር ገብቶ ከሁለተኛው ይቀራል።

ሦስተኛው ከርል በተባለው ዝነኛ የመረጃ ማስተላለፊያ ላይብረሪ ላይ የታየ ነው። በማክ ኮምፒውተሮች ላይ ፖል ከረጅም ብልሽት በኋላ በ10.9 ስሪት ተስተካክሎ በ10.12 እንደገና ተበላሸ። የከርል የማጣሪያ ስክሪፕትም ለረጅም ጊዜ በማክ ላይ ፖልን ሳይፈትን ዘግቶ በሰሌክት ይተማመን ነበር። እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር እናያለን፦ ችሎታን መጠየቅ ሲያታልል ደራሲዎቹ ወደ ጥንቱ የስም ጥያቄ ተመለሱ። ሊብዩቪም እንዲሁ ነው፤ በሊኑክስ ኢፖል፣ በማክና በቢኤስዲ ኬኪው፣ በሶላሪስ ኢቨንት ፖርትስ፣ በዊንዶውስ የማጠናቀቂያ ፖርት ብሎ በሥርዓቱ ስም ቆርጦ ይወስናል። የቴክኖሎጂ ታሪክ ወደፊት ብቻ የሚሄድ ለሚመስለን ይህ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው።

ፕሮግራም አሠርቶ መፈተን የራሱ ወሰን እንዳለውም ልጨምር። ላይብረሪው የሚገነባው ለሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ከሆነ፣ ለምሳሌ በጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ለስልክ የሚገነባ ከሆነ፣ የፈተናዋ ፕሮግራም በመገንቢያው ማሽን ላይ ልትሠራ አትችልም። ስክሪፕቱ መልሱን ይገምታል ወይም ከገንቢው ይቀበላል።

ፍጥነት ብቻ አይደለም

ተማሪዎች ስለ ባክኤንድ ሲያነሡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት የትኛው ይፈጥናል ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ያልተሟላ ነው፤ ባክኤንድ ሲለወጥ ባሕርይም ይለወጣልና። አንድ ተራ የዲስክ ፋይል ለሰሌክት ወይም ለፖል ቢሰጥ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው ይባላል። ለኢፖል ሲሰጥ ግን ጥያቄው «አልተፈቀደም» በሚል ስሕተት ይመለሳል። ስለዚህ ግብዓቱን ከቁልፍ ሰሌዳ የሚቀበል ፕሮግራም ግብዓቱ ከፋይል እንዲመጣ ሲደረግ በአንዱ ባክኤንድ ሠርቶ በሌላው ሊወድቅ ይችላል። በማክ ላይ ኬኪው ከአንዳንድ የተርሚናል ፋይሎች ጋር ስለማይስማማ ሊብዩቪ ለእነርሱ ሲል በተለየ ክር ውስጥ ሰሌክትን ያሠራል። በ1983 የወጣው ሽማግሌ እዚህም ይጠራል ማለት ነው።

ሊብኢቨንት በ2.0 ትውልዱ ለዚህ ያቀረበው መፍትሔ ይበልጥ የሚማርከኝ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊው የባክኤንድ ስም ከሚጠራ የሚያስፈልገውን ባሕርይ ይናገራል፦ «ማንኛውንም ዓይነት ፋይል የሚቀበል ስጠኝ» ወይም «የግንኙነቱ ብዛት የማያዘገየውን ስጠኝ» ይላል፤ ላይብረሪው ያንን የሚያሟላውን ይመርጣል። የአውቶኮንፍ ሐሳብ ከግንባታው ጊዜ ወጥቶ ወደ ሥራው ጊዜ ተሻገረ ማለት እንችላለን።

የመልእክት ማስተላለፊያ የሆነው ዜሮኤምኪው ደግሞ ምርጫው አንድ ላይሆን እንደሚችል ያሳያል። ይህ ላይብረሪ ሲገነባ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ይወሰናሉ። አንደኛው በላይብረሪው ውስጥ ግንኙነቶችን ለሚጠብቀው ክር ነው፤ እዚህ ኬኪው፣ ኢፖልና ሌሎችም ለውድድር ይቀርባሉ። ሁለተኛው ተጠቃሚው ራሱ ለሚጠራው የመጠበቂያ ተግባር ነው፤ እዚህ ምርጫው በፖልና በሰሌክት መካከል ነው። ምክንያቱ የተግባሩ ቅርጽ ነው። ተጠቃሚው በየጥሪው ዝርዝሩን እንደ አዲስ ስለሚያቀርብ አስመዝግቦ የመጠበቅ ጥቅም አይገኝም። ደወል የተሰቀለበት ግቢ ውስጥ ጌታው በየደቂቃው አዲስ ዝርዝር የሚያመጣ ከሆነ ደወሉ ምን ይፈይዳል?

«ይፈቀዳል ወይ?»

ሦስተኛው ጥያቄ የእኛ ዘመን ነው። በ2019 በሊኑክስ 5.1 ጄንስ አክስቦ ያዘጋጀው አይኦ ዩሪንግ ገባ። ፕሮግራሙና ከርነሉ በጋራ በሚያዩት ማህደረ ትውስታ ላይ ሁለት ወረፋዎች ተዘርግተው በአንዱ ትእዛዝ ይገባል፣ በሌላው የተፈጸመው ይወጣል። ሊኑክስ በዚህ ወደ ማጠናቀቂያው አስተሳሰብ፣ ማለትም ዊንዶውስ ኤንቲ በ1994 ወደያዘው መንገድ ተጠጋ።

ይሁን እንጂ አዲሱ በር ለአጥቂዎችም ተመቸ። ጉግል በ2023 እንደገለጸው በከርነል ጉድለት ፍለጋ የሽልማት መርሐ ግብሩ ከቀረቡለት ጥቃቶች 60 በመቶው አይኦ ዩሪንግን የተጠቀሙ ነበሩ፤ ኩባንያውም በክሮም ኦኤስና በራሱ ሰርቨሮች ላይ ዘጋው፤ በአንድሮይድም መተግበሪያዎች እንዳይደርሱበት አደረገ። የዶከር ነባሪ የደኅንነት መገለጫም ጥሪዎቹን ከለከለ። ሊብዩቪ በ2023 ለአንዳንድ የፋይል ሥራዎች አይኦ ዩሪንግን መጠቀም ጀምሮ ነበር፤ ኖድ በ2024 መጀመሪያ በተገኘ የደኅንነት ችግር ምክንያት በነባሪነት እንዲጠፋ አደረገው። ዛሬ የሚፈልገው ሰው በአካባቢ ተለዋዋጭ ራሱ ያበራዋል።

በዚህ ሁኔታ መገንቢያው ማሽን ሊመሰክር የሚችለው ምንድን ነው? ስሙ አለ፤ ከርነሉ ያውቀዋል፤ ፈተናዋ ፕሮግራም ሠርታ ትክክለኛ መልስ ሰጥታለች። ላይብረሪው በኮንቴይነር ተጠቅልሎ ሌላ ቦታ ሲደርስ ግን ከርነሉ የአስተናጋጁ ነው፤ ፈቃዱም የአስተናጋጁ ነው። ኮንቴይነር ሄደር ፋይሎችንና ሲ ላይብረሪን ይዞ ይጓዛል፤ ከርነልን ግን ይዞ አይጓዝም። መገንቢያውና ማስኬጃው አሁን በዝምድና እንኳ የማይተዋወቁ ሆነዋል።

ውሳኔው የማን ነው?

እስካሁን ያልሁትን ወደ አንድ ላምጣ። ጥያቄው ከመኖር ወደ መሥራት፣ ከመሥራት ወደ መፈቀድ ሲሸጋገር የውሳኔው ቦታም አብሮ ተንቀሳቅሷል። መጀመሪያ በገንቢው እጅ ነበር፤ ቀጥሎ ወደ ስክሪፕቱ፣ ከዚያ ሥራ ሲጀምር ራሱን ወደሚፈትነው ላይብረሪ፣ አሁን ደግሞ ሰርቨሩን ወደሚያስተዳድረው ሰው ሄዷል። የኤንጂንክስ አስተዳዳሪ የሚፈልገውን የክስተት ስልት በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ በስም ሊጽፍ ይችላል። ከሊብኢቨንት ጋር የሚሠራ ሰው ደግሞ በአካባቢ ተለዋዋጭ አንዱን ባክኤንድ ዘግቶ ሌላውን ሊሞክር ይችላል፤ እንደገና መገንባት አያስፈልገውም።

ከዚህ ታሪክ ለሥራችን የሚወጡ ሦስት ትምህርቶች አሉ ብዬ አስባለሁ።

አንደኛ፣ ግንባታ የሚቻለውን ይወስን፤ የሚሠራበትን ግን የሥራው ጊዜ ይወስን። ሊበጁ የሚችሉ ባክኤንዶች ሁሉ ይካተቱ፤ ከሁሉም በታች ፖል ወይም ሰሌክት ለመጠባበቂያ ይቅር። ላይብረሪው ሥራ ሲጀምር ከላይ ወደ ታች እየሞከረ የተሳካለትን ይያዝ።

ሁለተኛ፣ በዝምታ መውረድን እንፍራ። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ብዙ የግንባታ ሥርዓቶች «ራስህ ምረጥ» በሚል ነባሪ ይሠራሉ። በመገንቢያው ማሽን ላይ አንድ ሄደር ፋይል ቢጎድል ስክሪፕቱ ሳይጮህ ወደ ፖል፣ ከዚያም ወደ ሰሌክት ይወርዳል፤ ግንባታው በሰላም ያልቃል፤ ሙከራዎቹም ያልፋሉ። በአሥር ደንበኛ ልዩነቱ አይታይም፤ በመቶም አይታይ ይሆናል። መለያ ቁጥሩ 1024ን ሲሻገር ግን ሰርቨሩ ይወድቃል ወይም፣ ከዚያ የከፋው፣ ሳይወድቅ የተበከለ መረጃ ይዞ ይቀጥላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው። የሚፈታው ደግሞ አገልግሎቱ ብዙ ሰው በሚፈልገው ቀን ነው፤ ምዝገባ በሚከፈትበት ወይም ውጤት በሚለጠፍበት ቀን። በዚያ ጊዜ ስሕተቱን የሚፈልገው ሰው ከወራት በፊት በሌላ ማሽን ላይ ያለፈችውን መስመር እንዲያስብ የሚያደርገው ፍንጭ በእጁ የለም። ስለዚህ ኢፖል የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ በስም ይጠየቅ፤ ከሌለም ግንባታው ይቁም። ዛሬ የቆመ ግንባታ የሚያስቆጣው አንድ ገንቢን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ላይብረሪው የመረጠውን ይናገር። ሊብኢቨንት የያዘውን ባክኤንድ ስም የሚመልስ ተግባር አለው፤ የዜሮኤምኪው የግንባታ ሥርዓትም ሁለቱንም ምርጫዎች በስክሪኑ ላይ ይጽፋል። ይህ ስም ሰርቨሩ ሲነሣ በመዝገብ ላይ ቢሰፍር ከላይ ያነሣሁት ፍንጭ ለፈላጊው ይገኛል። የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ መስመር ኮድ ነው።

ለተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ ልተው። ከጠቀስኋቸው ላይብረሪዎች የአንዱን ምንጭ ኮድ ውሰዱ። ግንባታውን አስጀምሩና የማጣሪያውን ውጤት በፋይል አስቀምጡ። ከዚያ ስለ ክስተት መጠበቂያ የሚጠይቁትን መስመሮች ለዩና እያንዳንዷን «ይህ ጥያቄ ለምን አስፈለገ? የትኛው ሥርዓት፣ በየትኛው ዓመት ቢበድል ነው የተጻፈው?» ብላችሁ ጠይቁ። የላይብረሪውን የለውጥ ታሪክ ስትከተሉ መልሱን በአብዛኛው ታገኙታላችሁ። በመጨረሻም ያንኑ ላይብረሪ በኮንቴይነር ውስጥ አሠርታችሁ የመረጠውን ባክኤንድ ስም ከማጣሪያው መልስ ጋር አስተያዩ። ሁለቱ ካልተስማሙ በሚቀጥለው ሳምንት የምንወያይበት ጉዳይ አገኘን ማለት ነው።